የእንቁ ነጭ ልብስና የእንየው ድቃቂ ከሰል

እንቁ ልብስ ታነጣለች። አዲስ ቅዳም ከተማ ውስጥ ስሟ የተነሳው በዚሁ ነው እንጂ ሌላ የሚወራላት ነገር የለም። ወጧ ጨው ይበዛዋል፣ ምላሷ ይቆርጣል፣ ስትስቅ አፏን በነጠላ ትሸፍናለች፤ አንድ የፊት ጥርሷ በልጅነቷ በበቅሎ ርግጫ ሄዷል። ነጠላውን ለእሷ የሰጠ ሰው ግን ሊወስድ ሲመጣ "ይሄ የእኔ ነው እንዴ?" ብሎ ጥለቱን አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም።

ሙያውን የያዘችው ከእናቷ ነው። ያደገችው አዘና አጠገብ ገጠር ነው። እናቷ እንዶድ ወቅጣ አረፋውን በመዳፏ እያየች "ይሄ ለጋቢ ይበቃል፣ ይሄ ለቀሚስ ነው" የምትል ሴት ነበረች። እንቁ ጋሪ ነጂውን አዝመራውን አግብታ አዲስ ቅዳም ስትገባ የያዘችው አንድ ሳፋና አንድ ቋጠሮ የእንዶድ ፍሬ ነው። አዝመራው ጥቂት ዓመት ጋሪውን ነዳ። ከዚያ ፈረሱን ሸጠና "ሰሊጥ አጭጄ እመጣለሁ" ብሎ ቆላ ወረደ። እዚያው በቀለ። ሌላ ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ስልክ ቁጥሩንም ቀየረ። እንቁ አላለቀሰችም ይላል ሰፈሩ። ውሸት ነው፣ አልቅሳለች። ግን እያጠበች ስለነበር ፊቷ ላይ ያለው እንባ ይሁን የሳፋ ውሃ ማን ይለይላታል?

ከዚያ ወዲህ ሙሽራው፣ ተዝካር ያለበት፣ ለፈረስ ግልቢያው በዓል ነጭ ለብሶ እንጅባራ የሚወጣው ጋላቢ፣ ሁሉም ልብሱን ለእሷ ያመጣል። ጠላቷ ጭቃ ብቻ ነበር። ጭቃ ደግሞ የዋህ ጠላት ነው፤ ውሃውን በጀሪካን ስታሳድረው ጠዋት ከታች ተኝቶ ታገኘዋለህ።

የዘንድሮው ግን ሌላ ሆነባት።

ነሐሴ ላይ መብረቅ የውሃውን ሞተር መታና ቦኖው ደረቀ። ከተማው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ድሮው ምንጭ ወረደ። ምንጩ ቦታው ነው የድሮው። በላዩ ገብስና ድንች ይዘራበት የነበረው ተረተር አሁን ከዳር እስከ ዳር ዲከረንስ ነው፤ ገበሬው ለከሰል ብሎ ዛፉን ተክሎበታል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ክረምቱ ይዘፈዝፈዋል፣ ጭማቂው ምንጩ ውስጥ ይገባል። ውሃው ጭቃ የለውም። እጅህን ብትነክር ጣትህ አንድ በአንድ ይታያል። ግን ሻይ ነው። የቀረው ስኳር ብቻ ነው።

እንቁ መጀመሪያ አልገባትም። የደብሩ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ልብስ ክረምቱን ሳጥን ውስጥ ሻግቶ ስለሚወጣ፣ በየዓመቱ ደመራ ሳይደርስ ወደ እሷ ይመጣል። እንደ ልማዷ ውሃውን አሳደረች፣ እንዶዷን ወቀጠች፣ አሸች፣ አለቀለቀች፣ አሰጣች። ልብሱ ሲደርቅ ከሽቦው ላይ የሚታየው የመዘምራን ልብስ ሳይሆን የሻይ ቤት መጋረጃ ነው።

የመዘምራኑ ኃላፊ እህተማርያም መጣች። እህተማርያም ተቆጥታም በዜማ ነው የምትናገር፤ እያንዳንዱን ቃል መጨረሻው ላይ ጎትታ ጎትታ ታለሳልሰዋለች።

"እትዬ እንቁዬ... ምንድን ነው ይሄይ?"

"ውሃው ነው ልጄ።"

"ውሃውንማ ሁላችንም እንጠጣዋለን። እኛ ቀላን እንዴ?"

"አንቺን አስጥቼ አላየሁሽም።"

"በረኪና ጨምሪበታ!"

"በረኪና ጥለቱን ይበላዋል። ደረቱ ላይ ያለው መስቀል ለቆ ቢሄድ ለማን ልትዘምሩ ነው?"

"የዝናብ ውሃስ?"

"ዝናቡ ቀጥ ብሏል። ቢዘንብም ቆርቆሮዬ ዝጓል። ከሻይ አውጥቼ ዝገት ውስጥ ልክተትልሽ?"

እህተማርያም የአንዱን ቀሚስ እጅጌ በሁለት ጣቷ አንስታ ለቀቀችው። ዜማዋም አብሮ ወደቀ። "እትዬ እንቁ፣ እስከ ደመራ ካልነጣ ለዳንግላው ላውንደሪ ነው የምንሰጠው። እሱ ደግሞ አንዴ ከያዘ ለሁልጊዜም ነው።"

ይሄ ማለት ምን እንደሆነ እንቁ ታውቃለች። ከተማው ደመራ ላይ መዘምራኑን ያያል። መዘምራኑ የሄዱበት ሙሽራው ይሄዳል፣ ሙሽራው የሄደበት ሽማግሌው ይሄዳል። ለእሷ የሚቀራት የሹፌርና የመካኒክ ቱታ ነው። ዕድሜዋን ነጭ ስታነጣ ኖራ ግሪስ ልትፈትግ ነው።

ሞተሩን ሊጠግን የውሃ ጉድጓዱ ላይ የሚውል ምንይችል የሚባል ልጅ አለ። አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፣ ቃላቱን ሳያኝክ ይውጣል፣ የእያንዳንዱን አረፍተ ነገር መጨረሻ "ማለት ነው" ብሎ ይቋጥረዋል። እንቁ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዛለት ሄደች።

"እትዬ እንቁ፣ ይሄ ጭቃ አይደለም ማለት ነው። የቅጠል ነው ማለት ነው። ሻይ አድሮ ይጠራል?"

"አይጠራም።"

"አይጠራም ማለት ነው። ከሰል ነው የሚይዘው። በርሜል ውስጥ ከታች ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ በላዩ ከሰል። ውሃው በከሰሉ ሲያልፍ ቀለሙ እሱ ላይ ይለጠፋል ማለት ነው። ግን ይደቅ! እንደ ቅንጬ። ትልልቁ ከሆነ ውሃው በመሐሉ ሾልኮ ይሄዳል ማለት ነው።"

እንቁ ከሰል ሲባል ልቧ ሞቀ። አዲስ ቅዳም ውስጥ ከሰል አጥቶ የሞተ ሰው የለም። ያውም ዋርሳዋ፣ የአዝመራው ታላቅ ወንድም እንየው፣ ከሰል አክሳይ ነው። ወንድሙ ቆላ ከበቀለ ወዲህ በእሱ ፈንታ ስለሚያፍር በየበዓሉ ለእንቁ ከሰል ያመጣላታል። ምንይችል በርሜሏን ከታች በስቶ ቧንቧ ገጠመላት፣ ጠጠሩንና አሸዋውን አስገባች፣ ከዚያ እንየው ወደሚያከስልበት ተረተር ወጣች።

እዚህ ላይ የአዲስ ቅዳምን የከሰል ገበያ ያላየ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ገዢ የማዳበሪያውን አፍ አያይም። ጎንበስ ብሎ ቂጡን ነው የሚወጋው። ከዚያ ድቃቂ ከወጣ የሻጩ ስም ሞተ። "ድቃቂያም!" ይባላል፤ ልጁም የልጅ ልጁም "የድቃቂያሙ" እየተባለ ይኖራል። እንየው ደግሞ ማዳበሪያው ተወግቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከሰሉን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ እንደ ብርጭቆ ካልጮኸለት አይሸጠውም። ከክምሩ ሥር የቀረውን ድቃቂ በእጁ ጠራርጎ ገደል ውስጥ ይደፋና ቅጠል ያለብሰዋል፤ ልክ የሞተ ውሻ እንደሚደብቅ ሰው።

"ጋሼ እንየው፣ እንዴት ዋሉ? ከሰል ፈልጌ ነው። ድቃቂውን።"

እንየው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። እንደ አሮጌ ኢሱዙ ሁለት ሦስቴ አንገራግሮ ነው የሚነሳ።

"እህ... እህህ... እህህም። ምን አልሽ?"

"ድቃቂ። ውሃ ላጠራበት።"

ቀኝና ግራውን አየ። "ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል። እኔ ድቃቂ የለኝም።"

"ኧረ ያው ከኋላዎ ገደሉ ሙሉ..."

"የለኝም አልኩሽ! ነገ ራሴ አመጣለሁ። የወንድሜ ቤት ድቃቂ ገባ አይባልም።"

በነጋታው ማዳበሪያ ሙሉ ይዞ መጣ። እንዲያው ከሰሉስ ያምራል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክንድ ክንድ የሚያህል። እንቁ "ይደቅ ነው ያለኝ ልጁ" ብትል አልሰማትም። አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ፣ እያስጮኸ፣ በርሜሉ ውስጥ ሸንኮራ እንደሚደረድር ሰው አቁሞ ደረደረው። ጨርሶ እጁን አራገፈ።

"በይ አሁን አፍስሺ።"

አፈሰሰች። ሽ... ብሎ ወዲያው በቧንቧው ወጣ። ሻይ ገባ፣ ሻይ ወጣ።

"ድገሚው። አልለመደም።"

"ማነው ያልለመደ? ከሰሉ ነው ውሃው?"

"እህህም። ድገሚው ብያለሁ!"

ደገመች። ሠለሰች። ሻይ። እንየው ከሰሉን ከምር ታዘበው፤ ልጁ ሰው ፊት እንዳሳፈረው አባት አየው። "የዚያ ልጅ ጥፋት ነው። ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ስለ ከሰል ምን ያውቃል?" አለና ሄደ። በሌላው ቀን ካረጀ ዛፍ የከሰለ፣ ከመጀመሪያውም የጠነከረ ይዞ ተመለሰ። ያኛው የባሰ ይጮሃል። ውሃው ግን ያው ሻይ። ደመራ እየቀረበ ነው፣ ልብሱ ሳፋ ሥር ተቆልሏል፣ እንየው ደግሞ በአገውኛ እየተሳደበ በርሜል እየዞረ ነው። እንቁ ስድቡን ሁሉ ትሰማዋለች፤ ያደገችበት ነው።

እሱ ወጣ እንዳለ ሙቀጫውን አነሳች። ያንን የሚጮህ ከሰል እየወረወረች ከተተችበትና በዘነዘና ወረደችበት። "ና! ጩህ አሁን! ጩህ!" ድው፣ ድው። ፊቷ ጠቆረ፣ አንገቷ ጠቆረ፣ ምላሷ ሳይቀር። ያኔ እንየው የረሳውን ዱላ ሊወስድ በሩ ላይ ቆሟል።

"እንደ በርበሬ?" አለ። ጉሮሮውንም አልጠረገ። "የእኔን ከሰል እንደ በርበሬ?"

"ይደቅ ነው ያለው ጋሼ!"

"ምን በደልኩሽ? ወንድሜ በደለሽ፣ እኔ ምን በደልኩሽ?" ዱላውን ይዞ ሄደ። ደህና ዋይ እንኳ አላለም።

እንቁ ድቃቂውን በርሜሉ ውስጥ አስተካክላ ውሃ ጨመረችበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃው ሽ ብሎ አልሮጠም። ቀስ ብሎ ሰረገ። ጀሪካኑ ሳይሞላ ቸኩላ ከመዘምራኑ ልብስ አንዱን ነጠላ ነከረችበት።

ነጠላው ሲወጣ አይጥ መስሏል። ውሃው የከሰሉን ትቢያ ጠርጎ ይዞ ነው የወረደው።

ሳፋውን ገልብጣ ተቀመጠችበትና ተራገመች። ምንጩን ረገመች፣ ዲከረንሱን ረገመች፣ መብረቁን ፈርታ ተወችው፣ በእሱ ፈንታ አዝመራውን ረገመች፤ እሱ በዚህ ነገር ውስጥ ምንም የለበትም፣ ግን ሁልጊዜም ይመቻል። ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ምንይችል ሄደች። ሰው ጥቁር ፊቷን እያየ መንገድ ለቀቀላት።

"እትዬ እንቁ፣ ከሰሉ መጀመሪያ ይታጠባል ማለት ነው! አልነገርኩሽም?"

"አልነገርከኝም ማለት ነው!" አለችው፣ አንገቱን ሰብሮ ስልክ ማየቱን ሳይቀር እያስመሰለች። "ከሰል የሚታጠብ መሆኑን ከየት አውቄ ማለት ነው? እናቴ ከሰል አላሳጠበችኝም ማለት ነው!"

ልጁ ሳቁን በጉንጩ ይዞ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ የሆነውን ለጠላት አይስጥ። ልብስ ለማጠብ ውሃ ማጥራት፣ ውሃ ለማጥራት ከሰል ማጠብ፣ ከሰል ለማጠብ ደግሞ ምንጭ ወርዶ ውሃ መቅዳት። ከሰሉን ብታጥበው ብታጥበው ጥቁር ይተፋል። ከሰል ሊነጣ ነው እንዴ? ልብስ ስታጠቢ መጨረሻው ይታወቃል፣ ከሰል ግን መጨረሻው ከሰል ነው። ጎረቤቶቿ በአጥር ላይ ያዩአታል። አንዷ "እንቁ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ልታጥቢ ነው?" አለቻት። "አንቺን ነው" አለቻት እንቁ።

የሆነ ሆኖ የሚወጣው ውሃ ጥቁረቱን ተወ። ያን ጊዜ መልሳ ሞላችው። አሁንስ ውሃው እንደ ሽማግሌ ሽንት ነው፤ ጠብ... ቆም... ጠብ። ብርጭቆ ደቀነችበት። ከምንጩ የመጣውን አጠገቡ አቆመች። አንዱ ሻይ ነው። ሌላው ውሃ! ንጹሕ፣ ቀለም የሌለው፣ እናቷ ወንዝ ላይ የምታውቀው ዓይነት። እንቁ ብቻዋን ነበረችና አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። የሞላላትን ያህል ውሃ ይዛ ጥቂት ቀሚስ አጠበች። ሲደርቅ ዓይን ይወጋል።

በነጋታው ውሃው ቀጠን ያለ ሻይ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሻይ።

ምንይችል መጥቶ በርሜሉን አየ። "ጠገበ ማለት ነው።"

"ማን?"

"ከሰሉ። ቀለሙን መያዝ የሚችለውን ያህል ይዟል፣ ከዚያ በላይ አይችልም ማለት ነው። ሌላ አዲስ መለወጥ ነው።"

"እኔ እህል ሳልቀምስ እሱ ጠገበ?"

ሌላ አዲስ። በሙቀጫ የምትወቅጠው ስንት ሊሆን ነው? ክንዷ ከትከሻዋ ሊለቅ ደርሷል። ክምሩ ልብስ ገና ሳፋ ሥር ነው። ደመራ ረቡዕ ነው፣ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ። እንየውም ገበያ ይወርዳል። ገደሉ ደግሞ ባለቤት የለውም፤ የተደፋ ነገር የማን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ማዳበሪያ ይዛ ወጣች። ገደሉ ውስጥ ቅጠሉን ገለጠችና ድቃቂውን በእጇ ዛቀች። የዓመታት ድቃቂ ነው፤ ሳይወቀጥ የደቀቀ፣ ዝናብ ጥቂት ያጠበው። "ይሄ እዚህ ተኝቶ ነው እኔ የምሞተው!" ሞልታ፣ በገመድ አስራ፣ አዝላ ወረደች። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በከሰል ተራው መሐል ነው የሚያልፈው። ማዳበሪያው ደግሞ ጥጉ ላይ ቀዳዳ ኖሮት ከኋላዋ ጥቁር መስመር እያሰመረ ይከተላታል።

ዋጋዬ የምትባል ከሰል ነጋዴ መጀመሪያ አየቻት። ዋጋዬ ዝም የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው።

"እንቁ! ያ የማን ድቃቂ ነው?"

እንቁ ወገቧ ሊቆረጥ ነው፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። ማሰብ አልቻለችም። "የጋሼ እንየው ነው!"

ገበያው ፈነዳ።

"እንየውም ድቃቂ አለው?" "ጉድ በል አዲስ ቅዳም!" "ያ የሚያስጮኸው ላዩን ነው በሉኛ!" የእንየውን ማዳበሪያ ሊወጋ ጎንበስ ያለ አንድ ገዢ ጣቱን እንደ እሳት መልሶ ሳበው።

እንየው እያንገራገረ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሰውን እየገፋ ደረሰባት። "አውርጂው!"

"አላወርድም!"

"አውርጂው አንቺ ሴት፣ ስሜን ልትቀብሪ ነው?"

"የእኔ ስም ከተቀበረ ሰነበተ! የእርስዎ ከሰል ቆንጆ ነው፣ ውሃ ግን አያጠራም፤ ይሄ አስቀያሚው ነው የሚያጠራው! ረቡዕ ደመራ ነው፣ አላወርድም!"

ጎትቶ ወሰደባት። መሬት ሊያፈሰው አልቻለም፣ ሰው እያየ ነው። ትቶት ሊሄድ አልቻለም፣ ሰው እያየ ነው። ትከሻው ላይ ያለውን ጋቢ ገፈፈና ማዳበሪያውን ሸፈነበት፤ አዘለና ወደ እንቁ ቤት ሮጠ። ጋቢው እንቁ ራሷ ለፋሲካ ያነጣችለት ነው። ከኋላው እየሮጠች "ጋቢውን! ኧረ ጋቢውን!" ትላለች። ገበያው ጎኑን ይዞ ይስቃል።

ግቢ ውስጥ ማዳበሪያውን ጥሎ ቁና ቁና ተነፈሰ። ፊቱ ጥቁር፣ ጋቢው ጥቁር። በዚህ መልኩ ተመልሶ ገበያ ሊወጣ አይችልም።

"ከመጡ አይቀር ይጠቡ" አለችው እንቁ ሳፋውን እየገፋች።

"እኔ? ከሰል ልጠብ?"

"እኔ ስንት ቀኔ ነው!"

ተነጫነጨ፣ ተሳደበ፣ ማለ፣ ግን እጁ ሳፋው ውስጥ ገባ። የከሰል ሰው እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጥቂት ቆይቶ "ወንፊት የለሽም?" አለ። ትቢያውን ነፍቶ ጣለ፣ የቅንጬ መጠን ያለውን ለብቻ አደረገ፣ ቅንጣቷን ጣቱ ላይ አድርጎ በብርሃን አየ። "ይሄ... እህህም... ይሄኛው ድቃቂ ደህና ነው" አለ። ወዲያው ደነገጠ። "እንዲህ ማለቴን ለሰው እንዳታወሪ።"

እሁድ ሥራ የለም። ውሃው ግን ሰንበት አያውቅም፤ በጀሪካን ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ዋለ። ሰኞና ማክሰኞ እንቁ አጠበች፤ እንየው እግሩን እየጎተተ እየመጣ የጠገበውን እየዛቀ አዲሱን ሞላ። ያ አይጥ የመሰለው ነጠላ ብቻ ቢታሽም ቢዘፈዘፍም አልመለስ አለ። እንቁ የራሷን የክት ነጠላ አውጥታ በምትኩ አጠፈችው።

ረቡዕ ጠዋት እህተማርያም መጣች። አንዱን ቀሚስ ዘረጋች፣ ሌላውን ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"እትዬ እንቁዬ... ነጣ እኮይ!"

"አዎ ነጣ።" እንቁ ሳፋው ጠርዝ ላይ ተደግፋለች፤ ለመደሰትም ጉልበት የላትም።

"ላውንደሪ የለ፣ ምን የለ! የደብሩ አለቃ አባም ሰምተዋል። የመቅደሱን መጋረጃ በሙሉ ለእንቁ ስጧት ብለዋል፤ ትልልቁንም ጭምር። ከበዓሉ ማግስት እናመጣልሻለን።" ልብሱን አሸክማ እየዘመረች ወጣች።

እንቁ ወደ በርሜሉ ዞረች። ቧንቧው ሥር ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ቀላ ብሏል። ጠግቧል። የመቅደስ መጋረጃ ደግሞ ዘርግተው ቢያለብሱት ይሄን ግቢ ከነአጥሩ ይሸፍናል።

"ጋሼ እንየው፣ ሌላ ድቃቂ።"

"እህ... እህህ..." አንገራገረ፣ አልነሳም አለ። "ማን ያመጣዋል?"

"እርስዎ ነዎት የሚያመጡት።"

"በምን መንገድ?"

"ሌላ መንገድ ካለ በሌላው ይምጡ።"

ባዶውን ማዳበሪያ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ከተተና በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አወጣ። መንገዱ ሙሉ ነው። ከተማው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ችቦውን ይዞ፣ እየጨፈረ ወደ ደመራው ይሄዳል። አንገቱን መልሶ አስገባ። "ሰው ይለፍ።"

"ዛሬ ሰው አያልቅም! ደመራ ነው!"

"እንግዲያው ነገ።"

"ነገ መስቀል ነው፣ ከነገ ወዲያ መጋረጃው መጣ!"

መልስ ሳትጠብቅ ማዳበሪያውን ከብብቱ መንጭቃ ወጣች። ነጠላ የላትም፤ ነጠላዋ ዛሬ መዘምራን ላይ ነው የሚውለው። በቤት ልብሷ፣ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ፣ ነጭ የለበሰውን ሰው በክርኗ እየሰነጠቀች ወደ ተረተሩ ወጣች። ሰው "እንቁ፣ ደመራው በዚያ ነው!" ይላታል። "አውቃለሁ!" ትላለች። እንየው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናነበና፣ የማያውቃት መስሎ፣ በመንገዱ በሌላኛው ዳር ተከተላት።